ስንቴ ወልዳ ወጣች? የጣና ዳር ላሞችና የዓለም ኮርማዎች ሚዛን

ከባሕር ዳር ተነስቶ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ብዙ ሳይርቅ ዘንዘልማን ያገኛል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርናና አካባቢ ሳይንስ ኮሌጅ ያለው እዚሁ ነው። በዚህና በመሰል የከተማዋ ዳርቻዎች በየግቢው ሁለት ሦስት ድቅል ላሞች ታስረው ይታለባሉ። አንዲት ጊደር ስትጮኽና ሌሎቹ ላይ ስትወጣ፣ ሲወጡባትም ዝም ብላ ስትቆም ከታየች ባለቤቶቿ ስልክ አንስተው አዳቃይ ይጠራሉ። ጠዋት ድራት የታየባትን ከሰዓት በኋላ፣ ማታ የታየባትን በማግስቱ ጠዋት ማዳቀል የሥራው ደንብ ስለሆነ ጊዜው ጠባብ ነው።

አዳቃዩ በሞተር ሳይክል ይደርሳል። የያዘው ዕቃ ክዳን ሲነሳ ነጭ ጭጋግ ይወጣል፤ ውስጡ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ናይትሮጅን አለ። በወረንጦ አንድ ቀጭን የፕላስቲክ ቀሰም ያወጣል፤ ለብ ባለ ውሃ ግማሽ ደቂቃ ያህል ነክሮ ያሟሟዋል፤ አድርቆም በማዳቀያው ዘንግ ላይ ይጭነዋል። ቀሰሙ የሚይዘው ሩብ ሚሊ ሊትር አባለዘር ነው። ላዩ ላይ በጥቃቅን ፊደል የኮርማው መለያ ቁጥርና ዝርያው ታትሟል። ኮርማው ራሱ በቃሊቲው ማዳቀያ ማዕከል ሊሆን ይችላል፤ ባሕር ማዶም ሊሆን ይችላል፤ ከሞተ ዓመታት አልፈውትም ሊሆን ይችላል።

በዚህ ሰዓት ከባለቤቶች የሚቀርበው ጥያቄ የታወቀ ነው። ዘሩ ምንድን ነው? የልጆቹ ወተት እንዴት ነው? ጥጃው ገዝፎ እናቱን በምጥ አያስጨንቃትም ወይ? ሁሉም ተገቢ ጥያቄ ነው። አንዱ ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሳም፤ ቢነሳም አዳቃዩ መልስ የለውም። የዚህ ኮርማ ሴት ልጆች ስንት ጊዜ ወልደው፣ ስንት ዓመት ታልበው ነው ከበረት የሚወጡት?

ይህን ጥያቄ ለመመለስ በሌላው ዓለም ብዙ አገሮች ተባብረው የሚሠሩበት ሥርዓት ዘርግተዋል። ጣና ዳር ለምትታለበው ላም ሥርዓቱ እስካሁን አልደረሰላትም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዕድሜ ለምን ገንዘብ ሆነ?

ጊደር ከተወለደች እስከ መጀመሪያ ወሊዷ ድረስ ትበላለች እንጂ አትታለብም። ለድቅል ጊደር በእኛ አገር ይህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። የኑግ ፋጉሎው፣ ፉርሽካው፣ ድርቆሹና ክትባቱ ሁሉ ዕዳ ሆኖ ይጠራቀማል። የመጀመሪያው ወሊድ ወተት ዕዳውን መክፈል ይጀምራል፤ ትርፉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ባሉት ወሊዶች ነው። በዚያ ላይ ላም በወለደች ቁጥር ወተቷ እየጨመረ ሄዶ ከፍተኛው መጠን ላይ የምትደርሰው ብዙ ጊዜ ከሦስተኛው ወሊድ በኋላ ነው። በሁለተኛው ወሊድ ጡቷ ታሞ ወይም እግሯ ተሰብሮ የወጣች ላም እንግዲህ ባለቤቷን ያከሰረችው ትርፏ ሊጀምር ሲል ነው።

ሌላም ጥቅም አለ። ስድስት ጊዜ የወለደች ላም ሁለት ወይም ሦስት ጊደር ትተካለች፤ ባለቤቷም ከእነዚህ መርጦ ያስቀራል። ሁለቴ ወልዳ የወጣች ግን ምናልባት አንዲትም ጊደር አትተካም፤ ባለቤቷ ምትክ ሊገዛ ገበያ ይወጣል። ላሞች ሲቆዩ ገበሬው መራጭ ይሆናል፤ ቶሎ ሲወጡ ያገኘውን ተቀባይ ይሆናል።

አባቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር። ላም የሚገዛ ሰው ጥርሷን ከፍቶ ያያል፤ ከዚያም ቀንዷን ከሥሩ ጀምሮ በጣቱ እየዳሰሰ ቀለበቶቹን ይቆጥራል። በእርግዝናና በማጥባት ወራት የላሟ ሰውነት ሲጎዳ የቀንዱ ዕድገት ይቀንሳል፤ በዚያ ቦታ ስርጉድ መስመር ይቀራል። ቀለበቱ የወሊዶቿ መዝገብ ነው። ይህ ዕውቀት ግን አንድ ላም ፊት ለፊት ቆማ ስትታይ ብቻ የሚሠራ ነው። ስለ ኮርማው ምንም አይነግርም፤ የኮርማው ዋጋ በራሱ ገላ ላይ አይታይምና። ዋጋው በሴት ልጆቹ ነው የሚታወቀው።

ከኡፕሳላ የሚወጣው ውጤት

ኢንተርቡል የተባለው ዓለም አቀፍ የኮርማዎች ምዘና ድርጅት የተመሠረተው በ1983 ነው። ከ1991 ጀምሮ ማዕከሉ በስዊድን ኡፕሳላ ከተማ፣ በስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይገኛል። አባል አገሮች ኮርማዎቻቸውን ራሳቸው መዝነው ውጤቱን ወደዚያ ይልካሉ፤ ማዕከሉም የሁሉንም አንድ ላይ አስልቶ መልሶ ይልክላቸዋል። ስሌቱ የሚካሄደው ሆልስቲን፣ ጀርሲ፣ ብራውን ስዊስ፣ ገርንዚ፣ ሲሜንታልና ቀይ የወተት ዝርያዎች በሚባሉት ስድስት የዝርያ ምድቦች ነው።

የስሌቱ መሠረት በካናዳ ይሠራ የነበረው ተመራማሪ ላሪ ሼፈር በ1994 ያሳተመው ዘዴ ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ የአንድ ኮርማ አባለዘር ወደ ብዙ አገር ስለሚላክ በስዊድንም፣ በፈረንሳይም፣ በካናዳም ሴት ልጆች ይኖሩታል። እነዚህ በብዙ አገር የተበተኑ እህትማማቾች አገሮቹን ያገናኛሉ። ልጆቹ በአንዱ አገር ያሳዩት ብልጫ በሌላው ምን ያህል እንደሚደገም ይሰላል። በዚህ መነሻ እያንዳንዱ አገር የዓለምን ኮርማ ሁሉ በራሱ ሚዛን ተመዝኖ ያገኘዋል። በአንዱ አገር አንደኛ የወጣ ኮርማ በሌላው አሥረኛ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ውጤት ለየአገሩ ትክክል ነው።

በዚህ መንገድ በመጀመሪያ የተመዘነው ወተት ነው። የላሞች ዕድሜ በመደበኛው ዓለም አቀፍ ስሌት ውስጥ የገባው በ2004 ነው። የዘገየበት ምክንያት አለው። ወተት በወራት ውስጥ ተለክቶ ያልቃል፤ የላም ዕድሜ ግን ላሟ እስክትወጣ ድረስ ተለክቶ አያልቅም። ኮርማው ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው ልጆቹ ይወለዳሉ፤ አራት ሲሆነው ይወልዳሉ፤ ሦስተኛ ወሊዳቸውን እስኪያዩ እሱ ስድስትና ሰባት ዓመት ይሞላዋል። ያን ጊዜም ብዙዎቹ ልጆቹ ገና በሕይወት ስላሉ መጨረሻቸው አይታወቅም። ለዚህ ችግር የእንስሳት ዘር ባለሙያዎች ከሕክምና ስታቲስቲክስ አንድ ዘዴ ተዋሱ። ሕመምተኛ ከሕክምና በኋላ ምን ያህል እንደሚቆይ የሚሰላበትን ዘዴ ለላሞች አዋሉት፤ በሕይወት ያለችውም ላም «እስከ ዛሬ ቆይታለች» የሚለው መረጃዋ ብቻ ይቆጠርላታል። የጡት አቀማመጥ፣ የእግርና የሰኮና ጥንካሬ፣ በወተት ውስጥ የሚገኘው የበሽታ ምልክት የሆነ የሕዋስ ብዛትም ቀድመው የሚናገሩ ምስክሮች ሆነው ይገባሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ዕድሜ በዘር የሚወረሰው በጥቂቱ መሆኑ ነው። ላሞች በዕድሜ ከሚለያዩበት ልዩነት ውስጥ ከዘር የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከመቶ 10 በታች ነው፤ የቀረው የአያያዝ፣ የመኖ፣ የበሽታና የባለቤቱ ውሳኔ ነው። ይህ ማለት ጥቂት ልጆችን አይቶ ስለ አባታቸው መፍረድ አይቻልም ማለት ነው። የዘር ድርሻው ከመቶ 8 ነው ብለን እናስላ። የአሥር ሴት ልጆችን መረጃ ብቻ ይዘን ስለ ኮርማው የምንሰጠው ግምት አስተማማኝነቱ ከመቶ 17 ገደማ ነው። ልጆቹ መቶ ሲሆኑ ከመቶ 67 ይደርሳል። የዘር ድርሻው ከመቶ 30 በሆነው በወተት ግን አሥር ልጆች ብቻ ከመቶ 45 ያደርሱናል። ስለ ወተት በጥቂት መዝገብ ብዙ ይታወቃል፤ ስለ ዕድሜ ጥቂት ለማወቅ ብዙ መዝገብ ያስፈልጋል። አገሮች የኮርማዎቻቸውን ሴት ልጆች በአንድ ቋት መቁጠር የፈለጉት ለዚህ ነው።

ወተት ብቻ ሲመረጥ

ዓለም ወደዚህ የደረሰው ዋጋ ከፍሎ ነው። ለአሥርተ ዓመታት ብዙዎቹ አገሮች ኮርማ ሲመርጡ የሚያዩት ወተትን ነበር። ኖርዌይና ሌሎች የሰሜን አውሮፓ አገሮች ጤናንና መራባትን ቀደም ብለው በምርጫቸው ውስጥ ሲያስገቡ፣ አሜሪካ ላሞች በምርት ላይ የሚቆዩበትን ጊዜ በይፋ መመዘን የጀመረችው በ1994 ነው።

አንድ ኮርማ ምን ያህል ሊያተርፍም ሊያጎድልም እንደሚችል በ1962 አሜሪካ ውስጥ የተወለደው ቺፍ የተባለው ሆልስቲን ያሳያል። ወተትን በመጨመር ስመ ጥር ሆነ፤ ደሙ በመላው ዓለም ተሰራጨ። በ2016 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ግን ቺፍ አንድ የተበላሸ ዘረመል ተሸክሞ ነበር። ጽንሱ ያንን ዘረመል ከእናቱም ከአባቱም ሲወርስ ይጨነግፋል። ተመራማሪዎቹ በዓለም ዙሪያ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ጽንስ በዚህ ሳቢያ መጨንገፉንና ኪሳራውም ወደ 420 ሚሊዮን ዶላር መድረሱን ገምተዋል። ያም ሆኖ ቺፍ በወተት ያስገኘው ትርፍ ከኪሳራው እጅግ ይበልጣል ብለዋል። ጉዳቱ የታወቀው መዝገብ ስለነበረ ነው፤ ስለታወቀም ዛሬ ተሸካሚዎቹ በምርመራ ተለይተው እርስ በርስ እንዳይዳቀሉ ይደረጋል።

የፈረንጅ ደም በሐበሻ በረት

የውጭ ወተት ከብቶች ወደ ኢትዮጵያ የገቡበት በስፋት የሚታወቀው ጊዜ 1947 ነው፤ በተባበሩት መንግሥታት የዕርዳታና ማቋቋሚያ ድርጅት በኩል 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች መጡ። በ1967 በስዊድን ድጋፍ የተጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት በአርሲ ማዳቀልን አስፋፋ። በ1981 ደግሞ ብሔራዊው የሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማዕከል ቃሊቲ ላይ ተቋቋመ። ዛሬ ወደ አማራ ክልል የሚደርሰው አባለዘር ዋነኛ ምንጩ ይኸው ነው።

በጣና ዙሪያ ይህ ደም የሚቀላቀለው ከፎገራ ዝርያ ጋር ነው። ፎገራ በሐይቁ ምሥራቅ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች በሚያጥለቀልቁት ሜዳ ላይ የኖረ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁርና ነጭ ቡሬ የሆነ፣ ለወተትም ለእርሻም ለሥጋም የሚያገለግል ከብት ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ የሚገኘው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ይህን ዝርያ ሲያጠናና ሲያረባ ቆይቷል። በአዊ ዞን ጓንጓ ወረዳ ያለው የመተከል ርባታ ጣቢያም ፎገራን በማርባትና ከፍሪዥያን ጋር በማዳቀል ይታወቃል።

የፎገራ ላም የሐይቁን ዳር ታውቀዋለች። ውሃ የተኛበት ግጦሽ የጉበት ትል ያመጣል፤ ዝንቦች ከላም ላም እየተዘዋወሩ ገንዲ ያስተላልፋሉ፤ መዥገሩ፣ አፍተግሩ፣ የቆዳ ጉርብርቡ በየተራ ይመጣሉ። ክረምት ሳሩ ይበዛል፤ በጋ ላይ የሩዝ ገለባ ዋና ቀለብ ይሆናል። በኡፕሳላ ስሌት ከፍተኛ ዕድሜ የተሰጠው ኮርማ ያን ውጤት ያገኘው በቀዝቃዛ አገር፣ በተመጣጠነ መኖ፣ ሐኪም በቅርብ ባለበት በረት የኖሩ ልጆቹ ተቆጥረው ነው። ልጆቹ እዚያ ከበረት እንዳይወጡ የጠበቃቸው ጥሩ የጡት አቀማመጥ ሊሆን ይችላል። እዚህ የሚጠብቃቸው ገንዲን መቻል ወይም በገለባ ሥጋን አለመጣል ሊሆን ይችላል። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ በኢንተርቡል ስሌት ትሳተፋለች፤ ስለዚህ የውጭ ኮርማ በእሷ ሚዛን ተመዝኖ ይደርሳታል። ለኢትዮጵያ የሚወጣ ውጤት የለም። ከእኛ የሚላክ የልጆች መዝገብ ስለሌለ ሊወጣም አይችልም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት እዚህ ላይ በትክክል ይገጥማል፤ የኮርማው ማስረጃ አለ፣ ለእኛ ግን አይነበብም።

የውጭ ደም መጠንም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ካኒንግሃምና ሲርስታድ በ1987 ለዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ባዘጋጁት ጥናት በሞቃት አገሮች የተሠሩ ብዙ የማዳቀል ሥራዎችን መርምረው ነበር። የውጭ ደም እስከ ግማሽ ሲደርስ ውጤቱ በግልጽ እንደሚሻሻል፣ ከዚያ ሲያልፍ ግን ጭማሪው እንደማይቀጥል አሳይተዋል። በወሎ ጨፋ እርሻ የነበሩ የፍሪዥያንና የቦረን ድቅሎችን የዕድሜ ልክ ወተትና አወላለድ ያጠናው የገበየሁ ጎሹ ሥራም በ2005 ታትሟል። ጥናቱ የተቻለው እርሻው ለእያንዳንዷ ላም መዝገብ ስለያዘ ነው። በየመንደሩ ያለው ላም ግን አብዛኛው መዝገብ የለውም፤ ቀሰሙ ላይ የታተመው የኮርማ ቁጥር ቀሰሙ ሲጣል አብሮ ይጠፋል።

ዕድሜ ስንል ምን ማለታችን ነው?

የሌላውን ሚዛን እንዳለ መቅዳት ግን አይበጅም፤ ዕድሜ እዚህና እዚያ አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። በሆላንድ ወይም በዴንማርክ ያልጸነሰች ላም ብዙ ሳትቆይ ወደ ቄራ ትሄዳለች። ስለዚህ እዚያ የቆየች ላም ማለት የወለደች፣ የታለበች፣ ያልታመመች ላም ማለት ነው። በጎጃምና በጎንደር ገጠር ግን ላም ሳትወልድ ሁለት ዓመት ብትቆይም በቀላሉ አትሸጥም። ፍጉ ማገዶና ማዳበሪያ ነው፤ ላሟ ራሷ የክፉ ቀን ጥሪት ናት። የፎገራ ጊደር በጣቢያዎቹ ጭምር የመጀመሪያ ጥጃዋን የምታገኘው ብዙ ጊዜ አራት ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ኖራ አራቴ የወለደች ላም ረጅም ዕድሜ አላት፤ የምርት ዕድሜዋ ግን አጭር ነው።

በከተማው ዳር ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። መልካም ላም ያለ አንዳች ጉድለት ትሸጣለች፤ መኖ ተወዶ፣ ቦታው ለግንባታ ተፈልጎ፣ ወይም በረጅም ጾም የወተት ገበያ ቀዝቅዞ። እሷን «ቶሎ ወጣች» ብሎ በአባቷ ላይ መቁጠር በደል ነው። ለዚህ አገር የሚሆን የዕድሜ መለኪያ ቢያንስ አራት ነገር ይፈልጋል፦ መጀመሪያ የወለደችበትን ቀን፣ ከዚያ በኋላ የወለደችባቸውን ቀናት፣ የወጣችበትን ቀን፣ የወጣችበትን ምክንያት። አራተኛው ከሁሉም ይበልጣል። በሽታ፣ መምከን፣ የጡት ጉዳትና ሞት ስለ ዘር ይናገራሉ፤ ሽያጭ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ባለቤቱ ኪስ ይናገራል።

መንገዱ ተጀምሯል

ሥራው ከባዶ የሚነሳ አይደለም። በዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም መሪነትና በቢልና ሜሊንዳ ጌትስ ፋውንዴሽን ድጋፍ የተጀመረው የአፍሪካ የወተት ከብቶች ዘር ማሻሻያ ፕሮግራም ኢትዮጵያንና ታንዛኒያን ቀዳሚ አድርጎ በአነስተኛ አርቢዎች እጅ ያሉ ላሞችን መመዝገብ ጀመረ። መዝጋቢዎች በየቤቱ እየዞሩ ወተቱን፣ ወሊዱንና የሰውነት ሁኔታውን በታብሌት ይይዛሉ፤ ከላሞቹም የዘረመል ናሙና ይወሰዳል። የአባቷ ማንነት የማይታወቅ ላም እንኳ በዘረመል ምርመራ ዝምድናዋና የውጭ ደሟ መጠን ሊታወቅ ይችላል። ገበሬው መዝገብ ባልያዘበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። አባትን መርምሮ ማግኘት ይቻላል፤ ያልተጻፈ የወሊድ ቀንና የመውጫ ምክንያት ግን ከደም ተመርምሮ አይገኝም።

በ2022 የተጀመረው የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር ድቅል ጊደሮችን በብዛት ወደ ገበሬው እጅ እያስገባ ነው። ይህ መልካም አጋጣሚ ነው፤ አደጋም አለው። የጊደሮቹ አባቶች ሳይመዘገቡ ከተሰራጩ ከአሥር ዓመት በኋላ የትኛው ኮርማ እንደጠቀመን፣ የትኛው እንደጎዳን ማወቂያ አይኖረንም። ከዚሁ ጎን ንጹሑ ፎገራ እየተመናመነ ነው። የፎገራ ሜዳ ከ1970ዎቹ ወዲህ የሩዝ አገር ሆኗል፤ ሩዙ ለገበሬው እንጀራ ሆኖታል፣ ግጦሹ ግን ጠብቧል። ከ2011 ወዲህ እምቦጭ ሐይቁንና ዳርቻውን እየወረረ የቀረውን የከብት መዋያ ተሻምቷል። ፎገራ ሲጠፋ በሐይቁ ዳር በሽታና ረሃብ ለዘመናት ተፈትኖ ያለፈው ደም ይጠፋል። ያን ደም ከየትኛውም አገር በቀሰም ማስመጣት አይቻልም።

ስለዚህ ከየአቅጣጫው የሚጠበቀው ሥራ ግልጽ ነው። የክልሉ ግብርና ቢሮና ማዳቀያ ማዕከላቱ አባለዘር ሲያሰራጩ የኮርማውን ቁጥር ከላሟ የጆሮ ቁጥር ጋር የሚያያይዝ መዝገብ ሳይያዝ አገልግሎቱ እንዳይጠናቀቅ ማድረግ ይችላሉ። አንዳሳና ዩኒቨርሲቲው ከየጣቢያው መዝገብ ተነስተው ለጣና ዙሪያ የሚሆን የምርት ዕድሜ መለኪያ ማዘጋጀት ይችላሉ። የወተት ማኅበራት አባሎቻቸው ወተት ሲያስረክቡ የላሞቹንም ወሊድ እንዲያስመዘግቡ መጠየቅ ይችላሉ። አባለዘር ከውጭ የሚያስገቡም ከወተቱ ውጤት ጎን የኮርማውን የልጆች ዕድሜና የመራባት ውጤት ሻጩን መጠየቅ አለባቸው፤ ውጤቱ ሻጩ እጅ አለ።

ላም ያላችሁ አንባቢያን ደግሞ ይህን ከዛሬ ማድረግ ትችላላችሁ። አዳቃዩ ቀሰሙን ከመጣሉ በፊት ላዩ ላይ ያለውን ቁጥር አስነብባችሁ በደብተር ጻፉት። ጥጃው ሲወለድ ቀኑን ጻፉ። ላሟ ስትሸጥ፣ ስትታረድ ወይም ስትሞት ቀኑንና ምክንያቱን ጻፉ። የአንድ ቤት ደብተር ስለ አንድ ኮርማ አይፈርድም፤ የመቶ ቤት ደብተር ግን ይፈርዳል። ስዊድንና ሌሎቹ አገሮች የጀመሩት በዚህ ነው፤ እኛም የምንጀምረው በዚሁ ነው።